ካርዱ ይምላል፣ ማትሪኩ ይክዳል

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚጓዝ እንግዳ ከተማዋ ውስጥ ዓሣ ሳይቀምስ አያልፍም፤ ይህ ጸሐፊም ከልማዱ አልወጣም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ የተጠበሰ ቆሮሶ አዝዤ ስጠብቅ፣ «ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው መጥቷል» የሚለውን ወሬ ከአስተናጋጁ የሰሙ አንድ ገበሬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የመሬት ክርክር መስሎኝ ልቤ ደከመ፤ በዚህ አገር ለጋዜጠኛ የሚታይ ጥቅል ወረቀት ብዙውን ጊዜ የመሬት ክርክር ነውና። አልነበረም። የልጃቸው የትምህርት ቤት ካርድ ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ አራት ካርድ።

ተራ በተራ ዘረጉልኝ። አማካይ ውጤት 91፣ 92፣ 94፣ 93። በየካርዱ ግርጌ «ደረጃ» ከሚለው ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ «1ኛ» ተብሎ ተጽፏል። ከሁሉም ሥር ደሴ ካለ ኢንተርኔት ቤት የታተመ ሌላ ወረቀት አለ፤ የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ነው። ደምሬ አካፈልኩት። ከመቶ 29።

«ወላሂ ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ከነዚህ ወረቀቶች አንዱ ዋሽቷል። የትኛው እንደዋሸ ንገረኝና ልረፍ።»

ዓሣው መጣ። መልስ አልነበረኝም። አብረን በላን፤ ስልካቸውን ሰጡኝና ሄዱ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ የአንድ ገበሬ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014ቱን ውጤት ይፋ ሲያደርጉ፣ ተፈትነው ከነበሩት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 27,267 ተማሪ፣ ከመቶ 3.2። በ2016 ዓ.ም. 36,409፣ ከመቶ 5.4። በ2017 ዓ.ም. 48,929፣ ከመቶ 8.4። እንግዲህ እነዚህ ሳያልፉ የቀሩት ልጆች ሁሉ ቤታቸው ካርድ አላቸው። ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል» ይላል። ብዙዎቹ ካርድ ላይ 70 እና 80 ተጽፏል። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል «ጎበዝ፣ በርታ፣ እለፍ» ያለ ትምህርት ቤት በአንድ ሳምንት ፈተና «አንተ ማን ነህ?» ሲባል ዝም አለ።

«ታዲያ ምን ትጠይቃለህ? የዋሸው ካርዱ ነው፤ ፈተናው መስታወት ነው፣ ያለንን አሳየን» የሚሉኝ ሞልተዋል። ግማሽ እውነት አላቸው። በግማሹ እንስማማና እንለፍ፤ ካርዱ ይዋሻል። እንዴት እንደሚዋሽ ግን ማወቅ ይጠቅማል።

መምህሩ በመስከረም እቅድ ይፈርማል። ከተማሪዎቹ ይህን ያህሉ ከ50 በላይ፣ ይህን ያህሉ ከ75 በላይ ያመጣሉ ይላል እቅዱ። ሰኔ ላይ የሚገመገመው በዚያው እቅድ ነው። ማርክ ሊስቱን የሚሞላው እሱ፣ ሮስተሩን የሚያዘጋጀው እሱ፤ ራሱ ሮጦ ራሱ ሰዓት የሚይዝ ሯጭ ማለት ነው። ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚነበብበት ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ክፍል ወደቀ ብሎ የሚጽፍ መምህር ራሱን ከሰሰ። ስለዚህ አይጽፍም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ያመጣው ተከታታይ ምዘና የሚባል ነገር አለ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር፣ ልጁ በአንድ ቀን ፈተና እንዳይመዘን ነው። መሬት ሲወርድ ግን ለቡድን ሥራ 20፣ ለቤት ሥራ 10፣ ለተሳትፎ 5፣ ለደብተር 5 ሆነ። በዚያ ላይ «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት መጣ፤ አንዷ ትሠራለች፣ ስድስቱ ማርክ ይካፈላሉ። መጨረሻ ላይ ከመቶ 40ው ማንም ሳይፈተን በእጅ ገብቷል።

ይህን ከወሬ አልቀዳሁትም። ይህ ጸሐፊ በ1997 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ደብተሩን በጋዜጣ ሸፍኖ ለመጣ 5 ማርክ ይሰጡ ነበር፤ እኔ በደንብ እሸፍን ነበር። (ጋዜጠኛ የሆንኩት በዚያ ሳይሆን አይቀርም።) ካርዴ ላይ ሒሳብ 88 ነው። በዚያን ጊዜ መሰናዶ የሚያስገባው የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሲመጣ ሒሳብ «ዲ» አለኝ። አባቴ ካርዱንና ውጤቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ትምህርት አንስተውብኝ አያውቁም። መሰናዶው ቀረ፤ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያዝኩ። አላማርርም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ያ 88 ባይኖር ኖሮ በ9ኛ ክፍል «ልጄ ሒሳብ አይችልም» ብሎ የሚያስጠናኝ ሰው ይፈለግልኝ ነበር። ማርኩ የሰረቀኝ መሰናዶን አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውን ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ውሸት ብዙም አይጎዳም። ጥሩ ክፍያ የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት ለልጁ 95 ቢሰጠው፣ ልጁ ማታ አስጠኚ አለው፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀት አለው፣ ታላቅ እህቱ ዩኒቨርሲቲ ናት። ካርዱ ቢዋሽም ቤቱ እውነቱን ይነግረዋል። ያ ትራንስክሪፕት ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ሲላክ እንዲያውም ያምራል፤ የዚያ አገር ሰዎች በ4 ነጥብ ሚዛን ገልብጠው ያነቡታል። የሐይቁ ገበሬ ልጅ ግን ከካርዱ ሌላ ስለ ራሱ የሚነግረው ወረቀት የለም። ለሀብታሙ ልጅ ውሸቱ ጌጥ ነው፤ ለድሀው ልጅ መንገድ የሚያስት ጉም ነው።

ይህ ልጅ የተማረባቸውን ዓመታት ደግሞ ቁጠሩ። 9ኛ ክፍል የገባው በ2013 ዓ.ም.፣ ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶ ከከረመ በኋላ ነው። 10ኛ ክፍል በ2014 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹ ከአንድ ወር በላይ በጦርነት እጅ ቆዩ። 12ኛ ክፍል በ2016 ዓ.ም.፣ አማራ ክልል እንደገና ግጭት ውስጥ ነበር፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በእነዚህ ዓመታት ካርዱ ላይ የተጻፈው 91፣ 92፣ 94፣ 93 ነው። ጦርነቱ ከመቶ አንድ ነጥብ እንኳ አልቀነሰም! እንዲህ ያለውን ወረቀት ማርክ ከምንለው ማጽናኛ ብንለው ይሻላል።

እስካሁን ከ«መስታወት» ባዮች ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ እንለያያለን።

ማትሪክ የምንለው ስም ራሱ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የወረስነው ነው። በኋላ የራሳችንን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ስናቆም ሚዛኑ ፊደል ሆነ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ። እንግሊዝኛና ሒሳብ የግድ ሆነው የአምስት ትምህርት ውጤት ይሰላል። ሁለት ነጥብ ማለፊያ ይባል እንጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ እንደ ዓመቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው የመሰናዶ ፈተና ፊደሉ ቀርቶ የየትምህርቱ ማርክ ይደመር ጀመር፤ መግቢያውን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ይቆርጠዋል። በምን ቆረጠው? ባለው ወንበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከሁለት ተነስተው ከ40 ሲያልፉ፣ አልጋና ወንበር ሲበዛ፣ ነጥቡ ወረደ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ደግሞ ግማሽ ያላመጣ አይገባም ተባለ። የልጆቹ አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መስመሩ ነው። አንድ ዓይነት እውቀት ያለው ልጅ በአንዱ ዓመት ሐኪም ሊሆን ይገባል፣ በሌላው ዓመት ቤቱ ይቀራል። ይህን መስታወት ማለት ይከብዳል፤ በርና በረኛ ቢባል ይቀርበዋል።

መስታወቱም ቢሆን ስንት ጊዜ ተሰንጥቋል። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘ፤ በክረምቱ እንደገና ተሰጠ። በ2011 ዓ.ም. ውጤቱ ያልተለመደ ሆኖ ስለተገኘ ከተፈተኑት ትምህርቶች የተወሰኑት ብቻ እንዲቆጠሩ ተደረገ። ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን የተጀመረው ይህን ኩረጃ ለመዝጋት ነው፤ ዘግቶታልም፣ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ኩረጃ የሌለበት ፈተና ሁሉ ፍትሐዊ ፈተና ነው ማለት አይደለም። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው እየተባለ መምህሩ በአማርኛ ያስተማረው ልጅ፣ ሳይኮርጅ 29 አመጣ። ማን ወደቀ?

በማግስቱ ገዳሙ ሄድኩ። ሐይቁ ውስጥ ገብቶ የተዘረጋ የብስ ላይ ነው፤ ለሴቶች የተከለከለ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ እዚህ ትምህርት ቤት አቆሙ። ትውፊቱ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ከደቀ መዛሙርታቸው ይቆጥራል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ከዚሁ ገዳም የተማሩ ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት ከመቶ ስንት የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም በየጉባኤ ቤቱ የለም። ተማሪው መምህሩ ፊት ቆሞ ያደረሰውን ይላል፤ መምህሩ ወይ «ቀጥል» ይለዋል፣ ወይ ይመልሰዋል። ድጓ የተማረ ሰው ቤተልሔም ወርዶ ሳያስመሰክር ድጓ አዋቂ ነኝ ቢል ማንም አይሰማውም። የትም ደብር ሲደርስ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ «ከማን ተማርህ?» ነው። ተማሪው ከሰነፈ የሚያፍረው መምህሩም ነው፤ ስሙ ተይዟል።

ወደ ቆሎ ተማሪነት እንመለስ ማለቴ አይደለም። አለንጋውንም፣ ልመናውንም፣ ሴት ልጅ የማይገባበት መሆኑንም አውቃለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ እኛ ዛሬም ወረቀታችንን «የምስክር ወረቀት» ብለን እንጠራለን፤ ምስክሩ ግን ጠፍቷል። ለዚያ ልጅ 93 ብሎ የጻፈ ትምህርት ቤት፣ ልጁ 29 ሲያመጣ ማን ጠራው? ማንስ ጠየቀው? ሐሰተኛ ምስክር በፍርድ ቤት ይቀጣል፤ በሮስተር ላይ ግን እድገት ያገኝበታል።

እንግዲህ አንዳንድ ወገኖች፣ በተለይ የፈተናውን ጭካኔ አይተው፣ የ12ኛ ክፍል ካርድ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተጨምሮ ይቆጠር ይላሉ። እግዜር ያሳያችሁ! ካርዱ ከተቆጠረ በነጋታው አገር ምድሩ 99 ይሆናል። ማርክ ደግሞ ገበያ ይወጣል፤ ገበያ ሲወጣ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ነው።

ካርዱ ላይ ግን አንድ የማይዋሽ ቁጥር አለ። ገበሬው በጣታቸው እየነኩ ያሳዩኝ እሱን ነበር፤ እኔ ነኝ አማካዩን የተመለከትኩት። ማርክ ለሁሉም መጨመር ይቻላል፤ አንደኝነትን ግን ለሁሉም መስጠት አይቻልም። መምህሩ ለሰባው ተማሪ ሃያ ሃያ ቢያድል አንደኛው ያው አንደኛ ነው። ለአንዱ ብቻ አድልቶ ቢጨምር ደግሞ ስልሳ ዘጠኙ ይጮኻሉ፤ ክፍል ውስጥ ማን ጎበዝ እንደሆነ ተማሪ ሳያውቅ ቀርቶ አያውቅም። ይህም ካላሳመነ፣ ደረጃውን ራሱ አገር አቀፍ ፈተናው ያውጣው። የሐይቁ ልጅ 29 ሲያመጣ ከትምህርት ቤቱ ከእሱ የበለጠ አልነበረም። ካርዱና ማትሪኩ በማርክ ተጣሉ እንጂ በደረጃ አልተጣሉም፤ ሁለቱም 1ኛ ነው ብለዋል።

አሁን ወደ አንድ ቁጥር እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ ቁጥር ሲነገር ሁሉም ሰው ስለ ትምህርት ቤቶቹ አዘነ። ስለ ልጆቹ ያሰበ አላየሁም። 1,328 ትምህርት ቤት ካለ 1,328 አንደኛ የወጡ ልጆች አሉ። አስፋልት በሌለበት፣ መብራት በሚጠፋበት፣ ከባልንጀሮቻቸው ሁሉ በልጠው የተገኙ 1,328 ልጆች። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብንወስድ 2,656 ናቸው። ከ40 በላይ ለሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ቢከፋፈሉ ለአንዱ ከ70 አይበልጡም፤ የአንድ የገጠር ክፍል ተማሪ ያህል ማለት ነው። ይህን ያህል ወንበር የሌላት አገር ናት?

«29 ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምን ይሠራል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀጥታ አይግባ። ግማሽ ላላመጡ ተማሪዎች ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል፤ የተጀመረው ለማን ነው? ዛሬ የሚገባበት በነጥብ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት 46 ያመጣ የከተማ ልጅ ይቀድማል፤ ያለ መጽሐፍ 29 ያመጣው ይቀራል። ማካካሻ ማለት የተነፈገውን መካስ ከሆነ የተነፈገው የቱ ነው? 46 ያመጣው የተሰጠውን ሁሉ ተጠቅሞ 46 ደረሰ፤ 29 ያመጣው ምንም ሳይሰጠው። አንድ ዓመት ሁለቱንም እኩል አስተምሯቸው፤ ከዚያ ፈትኗቸው፤ የወደቀው ይመለስ። እኔ የምለምነው ማለፊያ አይደለም፣ አንዲት ዓመት ነው።

ይህ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ፣ መንግሥት ራሱ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ዝቅ ያለ መግቢያ ሲያስቀምጥ ዓመታት አልፈዋል። መርሁን ተቀብሎታል ማለት ነው፤ አንድ ነጥብ በየቦታው አንድ ዓይነት ድካም አይጠይቅም። ነገር ግን ክልል የሚባለው መለኪያ ሰፊ ነው። ደሴ ከተማ ያለ የግል ትምህርት ቤትና አምባሰል ተራራ ሥር ያለ ትምህርት ቤት በአንድ ክልል ስም ይጠራሉ። ችግሩ ያለው በትምህርት ቤት ደረጃ ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ይውረድ። ቴክሳስ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሕግ አድርጎታል፤ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመቶ አሥር ውስጥ የወጣ ተማሪ በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መብት አገኘ። በዋናው በኦስቲን ዩኒቨርሲቲ በኋላ ድርሻው ቢጠብም ሕጉ እስከ ዛሬ አለ። ቴክሳስ ደግሞ ለድሀ በማዘን የምትታወቅ አገር አይደለችም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በየካርዱ ላይ ከልጁ ማርክ አጠገብ አንዲት መስመር ትታተም፤ «ይህ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት በአገር አቀፍ ፈተና ያመጣው አማካይ ውጤት» የምትል። ወጪዋ የቀለም ነው። ወላጅ 93 እና 24ን ጎን ለጎን በ9ኛ ክፍል ቢያይ፣ በ12ኛ ክፍል ደሴ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሄዶ አይደነግጥም። ርእሰ መምህሩም ስሙ ተይዟልና ሮስተሩን ሲፈርም እጁ ይከብደዋል። መምህራኑ እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፣ ከነደመወዛቸው አውቃቸዋለሁ። ሆኖም ዝም ብለን ለዓመታት የምናሞግሰውን ልጅ በመጨረሻው ዓመት መጣል ከመምህርነት አይቆጠርም።

ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስል ለሐይቁ ገበሬ ደወልኩ። ልጁ ደሴ የሰው ባጃጅ እየነዳ ነው። ያን ዕለት ላቀረቡልኝ ጥያቄ መልስ እንዳለኝ ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ማርኩን ይተዉት፣ እሱ የማይታመን ነው። 29ኝም ቢሆን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ሁሉም ወረቀት የተስማማበት እውነት 1ኛ የምትለዋ ናት» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

«እሷንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «የት ወስጄ ላሳያት?»